የአድማጭ ማርክ

እና ያወጣችውን ቁጥር መልሳ ትከተዋለች፣ ይላል፣ እዚያ ላይ ምላሱ ይቆማል፣ እንደ ዛገ ብሎን አልፈታ ይላል፣ መምህሯ እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ትጠብቃለች፣ የልጅ ልጁ ከጎኑ ተቀምጣለች፣ መናገር አይፈቀድላትም፣ ሕጉ ነው፣ ትንፍሽ ብትል ማርኩ ተቀነሰ።

ቀጥሎ ምን ነበር። ትናንት ልጅቷ ደጃፉ ላይ እንደ ሕፃን አስጠንታዋለች፣ አባባ፣ እንዲህ በል፣ እያንዳንዱ ቁጥር በየዙሩ እኩል የመውጣት ዕድል እንዲኖረው ነው፣ በል እስቲ ድገምልኝ፣ ደገመላት፣ ጎበዝ የኔ ተማሪ አለችው፣ ቃሉ እንዳለ አለ፣ ጥርሱ ሥር ነው፣ ትርጉሙ ግን የለም። ጎማው አለ፣ አየሩ የለም።

ደግሞስ እንዲህ ያለ የቤት ሥራ አስተራረም ማን አይቶ ያውቃል፣ ፊደል ያልቆጠረ ሰው፣ ዕድሜውን ጎማ ሲፈታና ሲለጥፍ የፈጀ ጎሚስታ፣ ኮሌጅ ውስጥ፣ ለስላሳ ወንበር ላይ። ስታቲስቲክስ በኮምፒውተር ትለዋለች፣ እሱ የቁጥሩ ትምህርት ይለዋል፣ ማርኩ ሦስት ቦታ ይከፈላል አባባ፣ አንዱን ማሽኑ ራሱ ያርማል፣ የጻፍኩት ከሠራ ሠራ፣ ካልሠራ ባዶ፣ ማሽን ይሉኝታ አያውቅ፣ ሁለተኛውን መምህሯ ታያለች፣ አጻጻፉን፣ ሥዕሉን፣ ሦስተኛው አድማጩ ነው፣ ሙያውን ያልተማረ ሰው አስረድቼ አመጣለሁ፣ እሱ በገዛ አፉ ለመምህሯ መልሶ ይናገራል፣ በገባው ልክ ማርክ። አክስትሽ አለችልሽ አይደል፣ የባንኳ፣ አላት። ሳቀች። አክስቴማ ሳይገባትም ገባኝ ትላለች፣ አንተን ነው የምፈልገው።

እሱስ። እሱስ ምን ሲል ኖረ። ሐኪም ቤት ስለ ኩላሊቱ ይነግሩታል፣ ገባህ? ይሉትና እጃቸው የሚቀጥለውን ካርድ ይስባል፣ እሺ ይላል። ቢሮ ይሄዳል፣ እዚህ ጋ ፈርም፣ ገባህ? አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ እሺ። ጥያቄው በሩን ከኋላው ዘግቶ ነው የሚመጣው፣ ምን ይበል። ይቺ ሴት ግን ትጠብቃለች፣ ወንበሩን ራሷ ጎትታ፣ ውሃ ቀድታ፣ አይቸኩሉ አባቴ ብላ፣ የሚያኖራት ያኑራት፣ የወለዳት ሆድ ይባረክ፣ እንዲህ የሚጠብቅ ሰው በዚህ ዓለም ኖሯል ለካ።

የመጀመሪያው የቤት ሥራ ግን ባዶ ነው የመጣው። ልጅቷ ስታለቅስ በግድግዳው ሰምቷታል፣ በኔ ኮምፒውተር ይሠራል እኮ አባባ፣ በኔ ይሠራል፣ ለካ ቁጥሮቹ ያሉበትን ቦታ ስትጽፍ የራሷን ኮምፒውተር አድራሻ ነው የሰጠችው፣ የመምህሯ ማሽን ፈልጎ ፈልጎ አጣው፣ ምን ያድርግ፣ ሰው ቤት ገብቶ ማንኪያ እንደሚፈልግ እንግዳ ነው። ይሄኛው ካልሞላ ኮርሱን ትደግማለች፣ ከደገመች ነፃ ትምህርቱ ቀረ፣ ነፃ ትምህርቱ ከቀረ ኮሌጁም ቀረ።

እና በላታ። እኩል ዕድል በላት፣ ጨርስ፣ ተነሥ፣ ውጣ። የቀረውማ ገብቶታል፣ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ሰው ስንት ደቂቃ እንደጠበቀ የተጻፉ ቁጥሮች አሉ፣ ጥቂት ናቸው፣ በጥቂት ደግሞ አይማልም፣ ስለዚህ ኮምፒውተሩ ዓይኑን ጨፍኖ አንዱን ያወጣል፣ አይቶ ይመልሰዋል፣ ደግሞ ያወጣል፣ ይሄንኑ ሺህ ጊዜ ሳይታክተው፣ ከዚያ የጥበቃው ግምት ምን ያህል ወዲያና ወዲህ እንደሚል በሥዕል ያሳያል፣ ይሄን ሁሉ ተናገረ፣ እሱ፣ ሚስቱ ከአፉ ቃል በጉጠት ነው የሚወጣው የምትለው ሰው። ግን ለምን ይመልሰዋል። ለምን።

መልሳ የምትከተው ለምን እንደሆነስ ገባዎት አባቴ? ጥያቄው መጥቶ ይቀመጣል፣ በሩን አልዘጋም። እሺ የምትለዋ ቃል ከጉሮሮው ትነሣለች፣ መንገዱን ታውቀዋለች፣ ስንት ዘመን የተመላለሰችበት፣ ያዛት።

አልገባኝም፣ ይላል።

ይኸው። ጉድ ሠራት። አንዴ ወጥቷል፣ እንግዲህ ይውጣ፣ እኔ ጎሚስታ ነኝ እመቤቴ፣ ከጎማ ያወጣሁትን ሚስማር መልሼ አልከትም፣ መምህሯ ከት ብላ ትስቃለች፣ የሚያርቅ ሳቅ አይደለም፣ የሚያስጠጋ ሳቅ ነው፣ እስክሪብቶዋ ግን ወረቀቱን ይጭራል፣ ማንበብ ባይችል ሲቀነስ ያውቃል። ያጠኑት መልስ አልነበረም? ትለዋለች። ነበር፣ ይላል፣ ቃሉ አለኝ፣ ትርጉሙ ነው የሌለኝ። ያጠኑትን ቢነግሩኝ ኖሮ፣ ትላለች መምህሯ፣ ሦስተኛውን ክፍል ባዶ ነበር የምሰጣት፣ ሽምደዳ አልቀበልም፣ እንዳልገባዎት ስለነገሩኝ አንድ ዕድል አላት፣ እዚሁ ታስረዳዎት፣ ከገባዎት ማርኩ ይመለሳል፣ ጊዜ አለን አባቴ።

ጊዜ አለን። ለሱ። የልጅቷን ፊት ማየት ይፈራል፣ እሷ ግን ወንበሯን አዙራ ፊት ለፊቱ ናት፣ አፏን ትከፍታለች፣ ያቺኑ እኩል ዕድል ልትል፣ ትተወዋለች፣ ጣሪያውን ታያለች፣ ከንፈሯን ትነክሳለች፣ አይዞሽ የኔ ልጅ፣ በሆዱ ነው የሚላት፣ አይዞሽ። አባባ፣ አውቶቡሱ ዛሬ ሃያ ደቂቃ አስጠበቀህ እንበል፣ ነገ ሃያ ደቂቃ አያስጠብቅህም ማለት ነው?

ኧረ ወዲያ። ነገም ያስጠብቃል። ከነገ ወዲያም ሊያስጠብቅ ይችላል፣ ምን ከልካይ አለው፣ ሃያ ደቂቃ አንዴ መጣ ተብሎ ከዓለም አይጠፋም፣ እና አውጥታ ብትጥለው ኮምፒውተሩ ሁለተኛ የማይመጣ ይመስለዋል፣ ስለዚህ፣ ስለዚህ መልሳ፣ እንዲህ ነዋ፣ እንዲህ ነው እንዴ፣ ይሄን ሁሉ ጮክ ብሎ እየተናገረው ኖሯል፣ ገባኝ፣ ይላል፣ ከልቡ፣ ቃሉ አፉ ውስጥ አዲስ ነው፣ እስክሪብቶው ወረቀቱን ደግሞ ይጭራል፣ መምህሯ ራሷን ትነቀንቃለች፣ ማርኩ ተመልሷል፣ ተመስገን፣ ተመስገን አንተ ጌታ፣ ልጅቷ ወደ ጆሮው ጠጋ ትላለች፣ አባባ፣ ለማንም እንዳትነግር፣ እኔም ገና አሁን ነው የገባኝ።