የቪዮላ ፈቃድ

ኢስሃቅ በጁባ ከተማ፣ ሙኑኪ በሚባለው ሰፈር ፎቶ ቤት ከከፈተ ጀምሮ እንጀራው ጉርድ ፎቶ ነበር። ስለዚህ የማስታወቂያ ሠራተኛው ንዋይ፣ በፎቶ ቤቱ መስኮት ላይ የተለጠፈውን የአንዲት የምትስቅ ልጅ ፎቶ ለሳሙና ማስታወቂያ ሲጠይቀው ሰማይ የተከፈተለት መሰለው።

«ፎቶው ያንተ ነው፤ ፊቱ ግን የእሷ ነው» አለው ንዋይ። «ፈቃዷን ካመጣህ ለቢልቦርድ፣ ለአንድ ዓመት፣ ጥሩ ዋጋ ይከፈልሃል። ያለ ፈቃድ ግን ድርጅቱ በነፃም አይወስደውም።»

ልጅቷ፣ ቪዮላ፣ ከየት ትምጣ? ፎቶ ተነስታ ሳትወስደው የቀረች ናት፤ ባለፈው ታኅሣሥ ከተማው በተኩስ ከታመሰ ወዲህ ያያት የለም።

ኢስሃቅ ሚስቱን ሲድራን ጠራ። ሲድራ «ኧረ ተው፣ የሰው ነገር ነው» ብላው ነበር። እሱ ግን «ጣት ምን አፍ አለው?» ብሎ አሳቃትና በቪዮላ ስም አውራ ጣቷን የፈቃዱ ወረቀት ላይ አስረገጣት። ሰው ገንዘብ ሲሸተው እንዲህ ቀልደኛ ይሆናል።

ቢልቦርዱ እንደተሰቀለ አንዲት ጠና ያሉ ሴት እያለቀሱ ፎቶ ቤቱ ገቡ። የቪዮላ እናት ናቸው። የልጃቸውን ፊት መንገድ ላይ ቢያዩ ድርጅቱ ድረስ ሄደው ጠይቀዋል፤ የድርጅቱ ሰዎችም ፎቶውን ማን እንዳነሳው ነግረው፣ «ልጅቷ ፈቅዳ የፈረመችው ባለፈው ወር ነው» ብለዋቸዋል። የሞተ ሰው ደግሞ አይፈርምም።

«ልጄ አለች!» አሉ በጁባ አረብኛ፣ የኢስሃቅን እጅ እየሳሙ። «ያ ወለዲ፣ አንተ ልጄ፣ የት ነው ያለችው?»

እውነቱን መናገር የነበረበት ያኔ ነው። ደስታቸውን ላፈርስ አልችልም ብሎ ራሱን ደለለ እንጂ፣ የፈራው ገንዘቡን መመለስ ነበር። «ትመጣለች ማማ፤ ይጠብቋት» አላቸው።

ጠበቋት። በየቀኑ እየመጡ ፎቶ መነሻው በርጩማ ላይ ይቀመጣሉ። ሲድራ ውሃ ስትሰጣቸው እጇን ይይዙና አውራ ጣቷን ቀስ እያደረጉ ያሹታል፤ በማታውቀው የአገራቸው ቋንቋ ያወሯታል። ሲድራም ጎንበስ ብላ ትሰማቸዋለች።  ኢስሃቅ በስሟ ሲጠራት ዘግይታ መዞር ጀመረች፤ በኋላም ጭራሽ መዞሩን ተወችው። አንድ ቀን ጓዳ ውስጥ ስትስቅ ሰማት፤ ሳቁ የእሷ አልነበረም።

ፈራ። ከልቡ ፈራ። ንዋይ ጋ ሮጦ «ገንዘባችሁን ውሰዱና ፎቶውን አውርዱልኝ» ቢለው፣ ንዋይ ሳቀበት። «ዓመቱን ሸጠሃል እኮ። የተሸጠ ፊት ዓመቱ ሳይሞላ አይመለስም።»

ኢስሃቅ ሁሉንም ሊናዘዝ ወደ ፎቶ ቤቱ ሲመለስ፣ ሲድራ ጓዟን በሻርፕ ቋጥራ ከሴትዮዋ ጋር ልትወጣ ስትል ደረሰ። በሩ ላይ ቆመ።

«ማማ፣ ዋሽቼዎታለሁ! የፈረመችው ልጅዎ አይደለችም። ይቺ ሚስቴ ናት፤ ሲድራ ናት! ወላሂ!»

ሴትዮዋ አልተቆጡትም። ሲድራ ወደ እሳቸው ዘንበል ብላ፣ ባልተማረችው በዚያ ቋንቋ ዝግ ባለ ድምፅ አንድ ነገር ጠየቀች።

«ምን አለች?» አለ ኢስሃቅ።

እናትየው አዝነው አዩት።

«ይህ ሰውዬ ማነው እያለች ነው።»