ቀዛፊው ማንን ነበር የሚጠብቀው?

የፊልም ሃያሲው ሥራውን የሚሠራው እጁን አጣምሮ ነው። ሲኒማ ቤት ገብቶ ወንበሩን ከያዘ፣ የመጨረሻው ስም አልፎ መብራት እስኪበራ ድረስ ንቅንቅ የለም። ስሙንም ያተረፈው በዚሁ ልማዱ ነው።

ሌላም ልማድ ነበረው። የጻፈውን ለሰው ጮክ ብሎ ሳያነብ ለሚጽፍበት መጽሔት አይልክም ነበር። ሰሚዋ ሚስቱ ነበረች። ሹራቧን እየሠራች ታዳምጠዋለች፤ ጥሩ ሲሆን ዝም ትላለች፣ ሲያበዛው ደግሞ «እህህ» ብላ ጉሮሮዋን ትጠርጋለች። እሱም ይነጫነጫል፣ ይከራከራል፣ በመጨረሻ ይሰርዛል። እሷ ካረፈች ወዲህ ለግድግዳው ማንበብ ሞክሮ ነበር፤ ግድግዳ ግን የተነበበለትን ሁሉ ይወዳል። ስለዚህ ሳያነብ መላክ ጀመረ፣ ጽሑፉም እየተንዛዛ ሄደ።

አንድ ቀን የመጽሔቱ ዋና አዘጋጅ ቢሮዋ አስጠራችው።

«ጋሼ፣ እንዳይቀየሙኝ» አለች። «የፊልም ገጹ አንባቢ እያጣ ነው። ሰው ሁሉ ስለ ቪዲዮ ጌም ጻፉልን ነው የሚለው። እስቲ ለሰኞ አንድ የጌም ግምገማ ይሞክሩልኝ። ከሆነልዎት ገጹ የእርስዎ ነው። ካልሆነ ግን ለሌላ ሰው መስጠቴ ነው።»

«ጌም ማለት እኮ ሰው የሚነካካው ፊልም ነው። ምን ይከብዳል?» አለ፣ ቅር እያለው። ገጹን ካጣ ጠዋት ተነስቶ ምን እንደሚሠራ አያውቅም፤ ይህን ግን ለእሷ አልነገራትም።

ጌም የሚጫወት ሰው የሚያውቀው አንድ ብቻ ነው፤ የልጁን ሚስት። ምራቱ ቀኑን መድኃኒት ቤት ስትሠራ ውላ፣ ማታ ሶፋው ላይ እግሯን አጥፋ የጌሙን መቆጣጠሪያ፣ ጆይስቲክ የሚሉትን፣ የምትጨብጥ ሴት ናት። እውነት ለመናገር፣ ይህን ነገሯን አይወድላትም ነበር። «ያገባች ሴትዮ!» ይላል በሆዱ። ከሰላምታ ያለፈ ወሬም አልነበራቸውም። ቢቸግረው ግን ቅዳሜ ከምሳ በኋላ በሯን አንኳኳ። ልጁ ለሥራ ከከተማ ወጥቶ ነበር።

«ጥሩ የምትይውን አንዱን ክፈቺልኝና ለብቻዬ ተዪኝ» አላት።

የምትወደውን ከፈተችለት፤ ጆይስቲኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ወጣች። እሱም መጋረጃውን ዘጋ፣ መብራቱን አጠፋ፣ እጁን አጣመረ።

ስክሪኑ ላይ ጉም የለበሰ ወንዝ መጣ። ዳር ላይ አንድ ጀልባ፣ ጀልባዋ ውስጥ ሻንጣዋን የታቀፈች አሮጊት፣ ከኋላዋ መቅዘፊያ የያዘ ሰውዬ። ሰውዬው ቆሟል። ይተነፍሳል። አለፍ አለፍ እያለ እግሩን ይቀያይራል። በቃ። ጥግ ላይ ብልጭ ድርግም የምትል ምልክት አለች፤ ሃያሲው የፊልም ድርጅቱ አርማ ናት ብሎ ናቃት። ሌላ ሰው ቢሆን ተሰላችቶ ይነሳ ነበር፣ እሱ ግን ስንት ዝምተኛ ፊልም አሳልፏል። ቀስ በቀስ ልቡ ተነካ። እንዲህ የሚደፍር ዳይሬክተር ካየ ስንት ዘመኑ! ወረቀት አውጥቶ በጨለማው ይጽፍ ጀመር።

ሲወጣ ፊቱ በርቷል። ምራቱ ሳሎን ልብስ ትተኩሳለች።

«ስሚኝማ!» አላት። ይህን ቃል ከሚስቱ በኋላ ለማንም ብሎት አያውቅም። «‹ሰውዬው አይንቀሳቀስም። ዳይሬክተሩ በዚህ ረጅም ዝምታ የሚያሳየን፣ የሰው ልጅ ከመሻገሩ በፊት የሚይዘውን ፍርሃት ነው…›»

ምራቱ ካውያውን አቆመችና ከንፈሯን ነከሰች።

«አባባ፣ ጆይስቲኩን ነክተውት ነበር?»

«ለምን እነካዋለሁ? የሰው ዕቃ ልሰብር?»

«እንግዲያው ሰውዬው አልፈራም፤ እርስዎን እየጠበቀ ነው።»

ሃያሲው መጀመሪያ ፊቱ ጋለ። ቀጥሎ ሳቁ መጣ፤ እሷም አፍና የያዘችውን ሳቅ ለቀቀችው፣ ሁለቱም እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ሰሚ ባያገኝ ኖሮ ያንን ጽሑፍ ልኮት፣ ሰኞ የአገር መሳለቂያ ሆኖ ነበር። ተመስገን አለ በሆዱ።

አብረው ገቡ። መጋረጃው ተከፈተ፣ ጆይስቲኩ እጁ ገባ። ጀልባዋም ወዲያው ድንጋይ ላይ ወጥታ ተገለበጠች።

«ግራ፣ አባባ! ወደ ግራ!»

«ታዲያ ይሄ ቀኝ ነው?»

እንደገና ጀመሩ፣ እንደገና ተገለበጠች።

«ፊልም ቢሆን ጥዬ በወጣሁ» አለ ላቡን እየጠረገ።

«ታዲያ ይተዉታ።»

«ሴትዮዋን ውሃ መሃል ጥዬ? ምን ነካሽ!»

የገዛ አፉ ያወጣው ቃል አስገረመው። በፊልም ስንት ሰው ሲሰጥም አይቶ፣ አዝኖ፣ ቤቱ ገብቶ እራቱን በልቷል። ጥፋቱ ግን አንድም ቀን የእሱ ሆኖ አያውቅም ነበር።

ከዚያ በኋላ ቀስ ብሎ ቀዘፈ። ወንዙ መሃል ሲደርስ አሮጊቷ ሻንጣዋን እግሯ ሥር አስቀመጠችና ማንጎራጎር ጀመረች። ምራቱ ከሶፋው ብድግ አለች።

«ይሄን ከየት አመጡት? ሦስቴ ጨርሼዋለሁ፣ አንድም ቀን አንጎራጉራ አታውቅም!»

«አንቺ ትሮጫለሽ። እኔ ውሃ እንዳይረጫት ብዬ ነው» አለ፣ ኩራቱን መደበቅ አቅቶት።

እሑድ ከሰዓት ተመልሶ መጣና አዲሱን ጽሑፍ አነበበላት። ከጉዱ ነበር የሚጀምረው፤ ቆሞ የቀረውን ቀዛፊ እንዴት እንዳደነቀ። ሁለት ሰዎች አንድ ፊልም አይተው ስለዚያው ፊልም ይከራከራሉ፣ አንድ ጌም የተጫወቱ ግን የተሻገሩት ወንዝ ለየብቻ ነው ይላል። ስለዚህ ገምጋሚው ያየውን ብቻ ሳይሆን ያደረገውንም መናገር አለበት። ጀልባዋ እጅ ላይ እንዴት እንደምትከብድም ጻፈ፤ ስለ ፊልም ሲጽፍ የወንበሩን ምቾት አንስቶ አያውቅም ነበር። ቀጠለ፦ «‹ወንዙ የዘላለም ነፍሳችን መስታወት፣ የሕልውናችን ጥልቅ…›»

«እህህ» አለች ምራቱ።

ሃያሲው ደነገጠ። የሚስቱን «እህህ» ለማንም አውርቶ አያውቅም፣ ለልጁም ቢሆን።

«ይቅርታ አባባ፣ እዚህ ጋ ትንሽ በዛ መሰለኝ።»

አልተነጫነጨም፣ አልተከራከረም። እስክሪብቶውን አወጣና ሰረዘው። ዓይኑ ስለሞላ መስመሩን በደንብ አላየውም።

«እግዜር ይስጥልኝ» አላት።

«ለአንድ መስመር?»

«አይ፣ ስለሰማሽኝ።»

ሰኞ ዋና አዘጋጇ ጽሑፉን እየሳቀች ጀምራ፣ መጨረሻው ላይ ዝም ብላ ጨረሰችው።

«ገጹ የእርስዎ ነው፣ ጋሼ» አለች። «ግን እንደ ድሮዎ ሆኗል፤ ማን አረመልዎት?»

«ምራቴ ናት» ብሎ ወደ በሩ አመራ። ከዚያ ያለው ነገር ቅር አለውና ተመለሰ።

«ልጄ ናት» አላት።