አስራ ሁለት ሚሊሜትር እርቅ

ኮምፒውተሩን ያቃጠለው ሽምግልና ነው።

የምሠራው ቡታጅራ፣ ሙባሪክ ፎቶና ቪዲዮ ቤት ነው። ቀን የሠርግ ቪዲዮ አቀናብራለሁ፤ በተረፈኝ ሰዓት አዲስ አበባ ላለ የሕንጻ ዲዛይን ድርጅት የቅጥር ፈተና የሚሆን አኒሜሽን እሠራ ነበር። ማስረከቢያው ሰኞ ነው። ከሙባሪክ ኮምፒውተር የተሻለ ከተማው ውስጥ የለም፤ እሱም እየጋለ ይጠፋል። ስለዚህ ሙባሪክ በውሃ የሚያቀዘቅዝ ዕቃ አስመጣ። ቱቦው ብቻ አብሮ አልመጣም።

«የውስጥ ስፋቱ አስር ሚሊሜትር ይሁን» አልኩ። ካርቶኑ ላይ ተጽፏል።

ጋሽ ከድሮ የሙባሪክ ሚስት ወንድም ነው፤ የከተማውን ግማሽ የውሃ መስመር የዘረጋ የቧንቧ ሠራተኛ። «አስራ ሦስት» አለ። «በጠባብ ቱቦ ውሃ ይጨናነቃል። ሰላሳ ዓመት ሠርቼበታለሁ።»

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ኮምፒውተር ነው፤ ሻወር አይደለም።»

ተቀይሞ ወጣ። ሙባሪክን ሚስቱ ሁለት ቀን አላናገረችውም። በሦስተኛው ቀን ሽማግሌ ተቀመጠ፦ እህል ነጋዴው ሐጂ ሙስተፋና ጡረታ የወጡት መምህር ወልደአማኑኤል። እኔንም ጋሽ ከድሮንም በእርጋታ ሰሙን። ውሳኔው አስራ አንድ ተኩል ሚሊሜትር ሆነ።

«መግጠሚያው አስር ነው» አልኩ። «ሾልኮ ይወጣል።»

«ልጄ» አሉ ሐጂ ሙስተፋ፣ «ካርቶኑ የሚኖረው ቻይና ነው። ከድሮ የሚኖረው እዚህ ነው።»

አስራ አንድ ተኩል የሚባል ቱቦ ገበያ ላይ ጠፋ። ወልቂጤ አስራ ሁለት ተገኘ፤ ትርፏ ግማሽ ሚሊሜትር ለጋሽ ከድሮ ዕድሜ ክብር ተባለች። በራሴ ወጪ አስሩን ልግዛ ብል ሙባሪክ «እርቁን ልታፈርሺ ነው?» አለኝ። ኮምፒውተሩ የኔ አይደለም፤ ተውኩት። ጋሽ ከድሮ ገጠመው፣ በሽቦ ጠፈረው፣ ሽማግሌዎቹ መረቁት።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ሥራዬ ሰባ በመቶ ሲደርስ ቱቦው ሾለከ። ውሃው ማዘርቦርዱ ላይ ፈሰሰ፣ ስክሪኑ ጠቆረ።

እሑድ ሽማግሌዎቹ እንደገና ተቀመጡ፤ አሁንም እኔንና ጋሽ ከድሮን ሊያስታርቁ።

«ጥፋቱ የጋራ ነው» አሉ መምህሩ። «የሱ በቱቦው፣ ያንቺ በአነጋገርሽ።»

«እኔ ይቅር ብያታለሁ» አለ ጋሽ ከድሮ።

«ሰኞ ማስረከብ አለብኝ።»

«የድርጅቱን ስልክ ስጪን» አሉ ሐጂ ሙስተፋ። «ሽማግሌ አያሳፍሩም። ሐሙስ ገደማ ላይ እንስማማለን።»

ወልቂጤ ያለችው ጓደኛዬ ናዝራዊት ኮምፒውተር አላት። ቀርፋፋ ነው፤ ግን ደረቅ ነው። ሥራዬን የያዘውን፣ ውሃ ያልነካውን ሃርድ ዲስክ ከኮምፒውተሩ ነቅዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

«ሔራን፣ ሽማግሌ ተቀምጦ ወዴት ነው?» አለ ሙባሪክ።

ወጥቼ በሩን ዘጋሁት።