የእትዬ ልኬት ናሙናዎች

የወንበር እግር ካልሲ አድርጎ ያየ ሰው አለ? እትዬ ልኬት አዩ። ማክሰኞ ረፋድ ላይ ከገበያ ሲመለሱ የሳሎኑ አራት ወንበሮች አሥራ ስድስት እግሮቻቸውን በሹራብ ቁራጭ ጀቡነው ተደርድረዋል፤ አንዱ ቀይ፣ አንዱ ግራጫ፣ አንዱ የእንቁላል አስኳል የመሰለ ቢጫ። የያዙትን ዘንቢል ቁጭ አደረጉና ጎንበስ ብለው አንዱን እግር ዳሰሱት። የራሳቸው እጅ ሥራ ነው። እንዲያውም የማን እንደሆነ ያውቁታል፤ ግራጫው የዚያ ብርድ የማይችል የጥርስ ሐኪም ሹራብ ናሙና ነበር።

«ወለሉን እንዳይጭረው ብዬ እኮ ነው እማማ» አለች ምራታቸው፣ የሰባት ወር ሆዷን አስቀድማ ከኩሽና ብቅ ብላ። «ደግሞ ሲጎተት አይንቋቋም። ይስሙት እስቲ!»

ወንበሩን ሳብ አደረገችው። እውነትም ድምፅ የለውም።

«ጎሽ፣ የኔ ባለሙያ» አሉ እትዬ ልኬት። ውስጣቸው ግን እርር ድብን አለ።

«ልኬት» ደንበኞች ያወጡላቸው ቅጽል ስም ነው። ሌላው ሹራብ ሠሪ ደረትና ትከሻ ለክቶ ይጀምራል፤ እሳቸው ሞተው ነው! መጀመሪያ በዚያው ደንበኛ ክርና በዚያው መርፌ መዳፍ የሚያህል ቁራጭ ይሠራሉ። ያጥቡታል፣ ፎጣ ላይ ዘርግተው ያደርቁታል፣ ከዚያ ሜትራቸውን አስጠግተው በአራት ጣት ውስጥ ስንት የክር ቀለበት እንደገባ ይቆጥራሉ። ደንበኛው ቁራጩን ዳስሶ «ይሁን» ካላለ አንድ ረድፍ አይጨምሩም። «ሹራብ ይዋሻል፣ ናሙና ግን አይዋሽም» ይሉ ነበር። ሥራው ሲያልቅ ናሙናው ላይ የባለቤቱን ማንነትና ቁጥሩን የያዘች ወረቀት በክር አስረው አልጋ ሥር ካለው ቡናማ ሻንጣ ውስጥ ይከቱታል። እንዲህ ሲያደርጉ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆናቸው። ሻንጣው ሲከፈት የከተማው ሰው ግማሹ እዚያ ውስጥ ተኝቷል ማለት ይቻላል።

ምራታቸው እዚህ ቤት ከገባች ሦስት ዓመቷ ነው፤ እጇ ብልሃተኛ፣ ዓይኗ ደግሞ የሚጣል ነገር ማየት የማይችል። ያገኘችውን ሁሉ ለአንድ ነገር ታውለዋለች። በመጀመሪያ የጠየቀችው አንድ ቁራጭ ብቻ ነበር፣ ለመነጽር ከረጢት። «ይሄ ሁሉ ለብል ከሚሆን እማማ» አለች። እትዬ ልኬትም «ውሰጂው ልጄ፣ ለእኔ ምን ሊሠራልኝ» አሉ። እንግዲህ እናንተው ፍረዱ፣ ከአፍ የወጣ ነገር ይመለሳል? ልጅቷ «ውሰጂው» የተባለችው ሻንጣውን በሙሉ መሰላት። በሳምንቱ የቴሌቪዥኑ ሪሞት ካፖርት ለበሰ፣ ለቁልፎቹ መስኮት ተከፍቶለት። «በረደው እንዴ?» ብሎ ባሏ ሳቀ። ከዚያ ሁለት ቁራጭ ተደርቦ የትኩስ ድስት መያዣ ሆነ፣ አንዱ ጥጥ ተጠቅጥቆ የመርፌ መሰኪያ ሆነ፣ ዘጠኙ በተርታ ተሰፍቶ ከበር ሥር የሚገባውን ነፋስ የሚዘጋ ረጅም ትራስ ሆነ። ጎረቤት እየመጣ አደነቀ። እትዬ ልኬት አብረው አደነቁ፤ ማታ ማታ ግን ሻንጣውን እየከፈቱ የቀረውን ይቆጥሩ ነበር።

አይሆንም እንዳይሉ ምክንያቱን ሊናገሩ ነው። ምክንያቱን ደግሞ ለነፍስ አባታቸውም አልተናገሩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሁለት ዓመት ወዲህ የቀኝ እጃቸው አውራ ጣት ከድቷቸዋል። አንዳንዴ ይደነዝዛል፣ አንዳንዴ ይንቀጠቀጣል። አንዱን ቀለበት ያጠብቀዋል፣ ቀጣዩን ይለቀዋል። ደንበኛ ሲመጣ ታዲያ ከሻንጣው ተመሳሳይ ክር ያለውን የድሮ ናሙና ያወጡና አሮጌውን ወረቀት በጥሰው «ይኸው፣ ትናንት ሠራሁት» ይላሉ። ሹራቡን ራሱን እየሠሩ እየተረተሩ፣ እየተረተሩ እየሠሩ፣ በመጨረሻ እርጥብ ጨርቅ ደርበው በካውያ እየተጫኑ ያስረክባሉ። ፈርተው ነበር። ሥራ ያቆመ ሰው በልጁ ቤት ምንድን ነው? ሲነሳ ቀስ ይበሉ፣ ሲቀመጥ ይደገፉ የሚባል የጥግ ዕቃ ነው። እሳቸው እዚህ ቤት ቀና ብለው የሚሄዱት በሩን አንኳኩቶ «እትዬ ልኬት አሉ?» የሚል ሰው ስላለ ነው።

ሐሙስ ደግሞ የመዋዕለ ሕፃናቱ ዳይሬክተር ትመጣለች። በየዓመቱ ለትንንሾቹ ሃያ አምስት ሰማያዊ ሹራብ ታሠራለች፤ ከሌሎቹ ደንበኞች ብዙዎቹ ስለቀሩ ዋናዋ እሷ ሆናለች። ረቡዕ ከሰዓት እትዬ ልኬት ሰማያዊውን ናሙና ሊያወጡ ሻንጣውን ከፈቱ። የለም። ገለበጡት፣ አራገፉት። የለም! ሰማያዊ የነበረው እሱ አንድ ብቻ ነው።

ሐሙስ ማለዳ መኝታ ቤታቸውን ዘግተው ራሳቸው ሊሠሩ ተቀመጡ። ሃያ ቀለበት፣ ሃያ አራት ረድፍ፤ ድሮ ወሬ እያወሩ በግማሽ ሰዓት ይጨርሱት የነበረ ነገር ነው። ሦስት ሰዓት ፈጀባቸው። ከታች ሰፍቶ ከላይ ጠበበ፣ ጠርዙ ተጣመመ፣ መሀሉ ላይ ሁለት ቀለበት አምልጦ ቀዳዳ ሆነ። እንደዚያ ያለ ሥራ አንዲት ጀማሪ ብታመጣላቸው «ተርትሪው» ይሏት ነበር። የልብሳቸው ኪስ ውስጥ ወሸቁት።

ከዚያ ትዝ አላቸው። ብርድ ልብሱ! ምራታቸው ለሚወለደው ልጅ ናሙናዎቹን እየገጣጠመች ብርድ ልብስ እየሠራች ነው። እሷ ዳቦ ልትገዛ እንደወጣች ክፍሏ ገቡና ከልጁ አልጋ ላይ አንስተው ዘረጉት። ሰማያዊው መሀል ላይ ነው፣ ዙሪያውን በነጭ ክር ተከቦ። ለሌላ ሰው ቢሆን ደስ የሚል ነገር ነው። እትዬ ልኬት መቀሱን አነሱ።

ሁለት ስፌት እንደቆረጡ በሩ ተከፈተ።

«እማማ?»

መቀሱ ከእጃቸው አልወደቀም፤ ቢወድቅ ይሻል ነበር። ምራታቸው ብርድ ልብሱንም አየች፣ መቀሱንም አየች፣ ፊታቸውንም አየች። ፊቷ ተለዋወጠ።

«ካልወደዱት ለምን አልነገሩኝም?» አለች። «ለልጄ እኮ ነው። የእርስዎ እጅ ሥራ ይልበስ ብዬ…»

«ወድጄዋለሁ! አፈር ልብላ፣ ወድጄዋለሁ። ሰማያዊዋን ብቻ ነው የፈለግሁት። ዛሬ ዳይሬክተሯ ትመጣለች፣ ማሳየት አለብኝ።»

«ታዲያ ሌላ አይሠሩም? ግማሽ ሰዓት አይደል የሚፈጀው?»

እትዬ ልኬት ከኪሳቸው ያንን ጠማማ ቁራጭ አውጥተው ብርድ ልብሱ ላይ አኖሩት። ልጅቷ አነሳችው፣ ገለበጠችው፣ ቀዳዳው ውስጥ ጣቷን ሰደደች። ሁሉን ነገሯት፤ አውራ ጣታቸውን፣ የድሮዎቹን ናሙናዎች፣ የበጠሷቸውን ወረቀቶች። እሷ እየሰማች ዕንባዋ ፈሰሰ፤ በእነዚያ ቁራጮች ጎበዝ የተባለችበት ቀን ሁሉ መጥቶ ከፊቷ የቆመ መሰላት።

«እኔ ነኛ የጨረስኳቸው! ወይኔ፣ አንድ ቃል ቢናገሩኝ ምን ነበረበት?»

«ይሉኝታ ነዋ፣ ልጄ።»

ምራታቸው ዕንባዋን በክንዷ ጠረገች። መቀሱን ተቀብላ ሰማያዊውን ናሙና ዙሪያውን ፈታ አወጣችውና አለሰለሰችው። «ይኸው፣ ያሳይዋት። ሹራቦቹን እኔ እሠራለሁ፣ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ማን ያውቃል?» አለች። ብርድ ልብሱ መሀል ላይ ጭንቅላት የሚያሾልክ ቀዳዳ ቀረ።

የፈሩት ይደርሳል ይባል የለ፣ በሩ ተንኳኳ።

ዳይሬክተሯ እንደ ሁልጊዜዋ በትህትና ገባች፣ ጫማዋን የበሩ ምንጣፍ ላይ ሁለቴ ጠረገች፣ ጤና ጠየቀች፣ ለነፍሰ ጡሯ መልካሙን ተመኘች። ካልሲ ባደረገ ወንበር ላይ ተቀመጠች። እትዬ ልኬት ፊት ለፊቷ ናቸው፤ በግራ እጃቸው የድሮው፣ በቀኝ ኪሳቸው መልሰው የከተቱት የዛሬው። የድሮውን ቢሰጧት ነገሩ አለቀ፤ ትዳስሰዋለች፣ «ይሁን» ትላለች፣ ትሄዳለች። ከዚያስ? ሆዷ የገፋ ልጅ ሃያ አምስት ሹራብ በድብቅ ስትሠራ፣ እሳቸው ደግሞ «የኔ ሥራ ነው» ሲሉ! ሠላሳ አንድ ዓመት ናሙና አይዋሽም ብለው እንዲህ አድርገው ሊጨርሱት? ቀፈፋቸው። ምራታቸው ከበሩ አጠገብ ቆማ በዓይኗ «ይስጧት» ትላቸዋለች።

ኪሳቸው ውስጥ ገቡና ጠማማውን አውጥተው ሰጧት።

«ዘንድሮ እጄ የሚሠራው ይሄንን ነው» አሉ። «አምና ያሳየሁሽ የድሮ ናሙና ነው። ካቻምናም እንዲሁ። አታልዬሻለሁ፣ ይቅር በይኝ።»

ትደነግጣለች፣ ትቆጣለች፣ ቢያንስ ፊቷን ታጠቁራለች ብለው ጠበቁ። ዳይሬክተሯ ግን ቁራጩን እንኳ ሳታገላብጥ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች።

«እፎይ!» አለች። ወዲያው አፏን በእጇ ያዘች። «ውይ፣ እንደሱ ማለቴ አይደለም እትዬ። እንዴት ብዬ እንደምነግርዎት ጨንቆኝ ስለነበር ነው።»

«ታውቂ ነበር?»

«ልጆቹን ስናለብሳቸው… የአንዱ እጅጌ ጉልበቱ ይደርሳል፣ የሌላው ከክርኑ አያልፍም። አልሆነም እትዬ።»

«ታዲያ ሹራቦቹ የት ናቸው?»

«አልጣልናቸውም! እንዳይመስልዎት። ሞግዚቶቹ የሹራቦቹን አንገት ሰፉና ጨርቅ ጠቅጥቀው መቀመጫ ትራስ አደረጓቸው። ልጆቹ ተረት ሲነገራቸው እነሱ ላይ ነው የሚቀመጡት። ቢያዩዋቸው፣ ሲጣሉባቸው!»

ማጽናናቷ ነበር። እትዬ ልኬት ግን ሃያ አምስት ልጆች ሥራቸው ላይ ተቀምጠው ሲያዳምጡ ታያቸውና ፊታቸው እስከ ጆሯቸው ድረስ ጋለ።

«እና በየዓመቱ ለምን ትመጪ ነበር?»

«ልተወው እያልኩ እመጣለሁ። በር ላይ ሲቀበሉኝ ደስ ሲልዎት አይና ምላሴ ይታሰራል።» አንገቷን ደፋች። «ዝም አይነቅዝም ይባል የለ፣ ዝም አልኩ።»

«ሃምሳ ሹራብ» አሉ እትዬ ልኬት ለራሳቸው ይመስል። «ሃምሳ ሹራብ መቀመጫ!»

«ሰባ አምስት» አለች ዳይሬክተሯ፤ ካለች በኋላ ደነገጠች።

እትዬ ልኬት ቁጥር አያመልጣቸውም። አምና ሃያ አምስት፣ ካቻምና ሃያ አምስት፣ ሃምሳ። ሰባ አምስት ለመሙላት ሌላ ዓመት ይጠይቃል። በዚያኛው ዓመት ናሙናው የራሳቸው ነበር። አውራ ጣታቸው ደህና ነበር፤ ማለት ደህና መስሏቸው ነበር። እንዲያውም ያን ዓመት ሹራቦቹን ሲያስረክቡ «እንደዚህኞቹ ሠርቼ አላውቅም» ብለው መኩራራታቸው ትዝ አላቸው። የሚያሳፍራቸው ውሸታቸው ነው ሲሉ፣ እውነታቸውም ያው ሆኖ አገኙት።

ዳይሬክተሯ ብዙ አጽናንታ፣ «ልጆቹን መጥተው ይዩልኝ፣ በሞቴ» ብላ ሄደች። ምራታቸው በሩን ዘግታ ተመለሰችና አጠገባቸው ቆመች። እትዬ ልኬት ቀኝ እጃቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው እያዩት ነበር።

«እውነቱን ንገሪኝ» አሉ። «ከሦስት ዓመት በፊት፣ ስታገቢ የሠራሁልሽ ነጭ ሹራብ። አንድ ቀን እንኳ ለብሰሽው አላየሁም።»

«ለክት ብዬ ነው እኮ እማማ…» ብላ ጀመረች ምራታቸው። ከዚያ ግን ፊታቸውን አየችና አልጨረሰችውም።