የጳጉሜ ቢራቢሮ

እትዬ የትምወርቅ የሳር ማጨጃውን ማሽን ከመኪናቸው ሲያወርዱ ደረስኩባቸው። ማግስቱ ዕንቁጣጣሽ ነው። እዚህ ባሕር ማዶ፣ ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ ከተማ ያለው ቤተ ክርስቲያናችን የሚጎዘጎዘው ከጀርባው ካለው ዳገት በሚታጨድ ሳር ነው፤ አጫጇም እሳቸው ናቸው።

"ማሽኑ ካለፈበት የከርሞ ቢራቢሮ የለም" አልኳቸው።

"ደግሞ ጀመረሽ! አምና 'ዳኮታ ስኪፐር የምትባለው ቢራቢሮ ናት፣ ዘሯ ሊጠፋ ነው' ብለሽ ባለሙያ አስጠራሽን። ሰውየው 'ዳኮታ የሰኔና የሐምሌ ናት' ብሎ ስቆብን ሄደ።"

"ምን እንዳልሆነች ነገረን እንጂ ምን እንደሆነች መች ነገረን? ኮሌጅ ያልገባሁት እኔ አገኘሁት።"

እጃቸውን ይዤ ረጅሙ ሐምራዊ አበባ ጋ ወሰድኳቸው። ቢራቢሮዋ ተቀምጣበታለች፦ ወፍራም ገላ፣ ጫፉ እንደ መንጠቆ የታጠፈ አንቴና፣ ከስሩ ሸክላ የመሰለ ክንፍ፣ ነጣ ነጣ ያሉ ነጥቦች የተሰደሩበት።

"ሊዮናርድ ስኪፐር ትባላለች። ብዙዎቹ ቢራቢሮዎች ካበቃላቸው በኋላ ነው የምትወጣው። እንቁላሏን ከአረንጓዴው መሃል በሚበቅለው በዚህ ቀይ ሳር ላይ ትጥላለች፤ ትሏ በረዶውን እዚያው ስሩ ታሳልፋለች።"

"እንቁላሉን አይተሻል?"

ሦስት ክረምት ተንበርክኬ ፈልጌያለሁ። መዋሸት ይቻለኝ ነበር። "አላየሁም" አልኩ።

ያሾፉብኛል ስል መነጽራቸውን አጠለቁ። ጎረቤት ከተማ ኢገን በሥራቸው በሽተኛ ሲያነሱ የሚውሉበትን ጉልበታቸውን አጥፈው እያቃሰቱ፣ ትከሻዬን ተደግፈው በርከክ አሉ። ቢራቢሮዋ ወደ ቀዩ ሳር ወረደች፤ ጅራቷን አጥፋ ቅጠሉን ነካ አድርጋ በረረች። እትዬ ምስር እንደሚለቅም ሰው ቅጠሉን ገለበጡት።

"ይቺ ጤፍ የምታህለው ናት?"

ነጭ፣ ድቡልቡል እንቁላል።

"እናት ናት ለካ" አሉ ቀስ ብለው። "አንቺስ፣ ቀዩን ማን ይጎዘጉዘዋል? ለእኔ አረንጓዴው ይበቃኛል። ማሽኑ ቀዩን ከአረንጓዴው አይለይልኝም ብዬ እንጂ።"

ሦስት ዓመት ስጨቃጨቅ የትኛውን ሳር እንደሚፈልጉ ጠይቄያቸው አላውቅም።

"አረንጓዴውንማ ይጨዱት! ቀዩን እየገፋ የሚያጠፋው መጤ ሳር እሱ ነው።"

"መጤስ እኛም ነን፤ አፍሽን ሰብስቢ!"

ማሽኑ መኪናው ውስጥ ተመለሰ። ጀንበር እስክታዘቀዝቅ በመቀስ አረንጓዴውን ከቀዩ እየለየን ቆረጥን። ከመጀመራችን በፊት ግን እትዬ ከነጠላቸው ጫፍ አንድ ክር መዘው ያቺን እንቁላል የያዘችውን ሳር አስረው ነበር።

"እንዳልረግጣት" አሉኝ።