ባትሪው ላይ የተጠመጠመው

ዝናቡ አባርቷል። ጎርፉ ግን እንግድነቱን ረስቶ ቤታችን ውስጥ ተኝቷል። ከትናንት ጀምሮ እኔ፣ እህቴና ባሏ በባልዲ እየዛቅን ብንደፋው በጓሮ ዞሮ ይመለሳል፤ የረሳው ዕቃ ያለ ይመስል። ወገቤ ከጎረቤት የተዋስኩት እስኪመስለኝ አላውቀውም።

የእህቴ ባል ልብስ ሰፊ ነው። ሰፈርተኛው "እዚያ ቤት አንዱ ይቀድዳል፣ አንዱ ይሰፋል" እያለ ይሥቅብናል። ቀዳጁ እኔ መሆኔ ነው። የስፌት መኪናው የሚሠራው ጣሪያችን ላይ በተገጠመው ሶላር ሲሆን፣ ባትሪው ጓሮ ዝቅ ብላ በተሠራች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። ክፍሏ እስከ ጉልበት ውኃ ሞልታለች።

እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ወጣች። አማቼ ሱሪውን ሰበሰበ።

"ባትሪዬን ላውጣው።"

"ኧረ ተው!"

"ምን ያደርገኛል? ማጥፊያውን አጥፍቼዋለሁ።"

"ብታጠፋውስ? ፀሐይ እስካለች ድረስ ከጣሪያው የሚወርደው ሽቦ ኃይል አለው። ባትሪውም የራሱን ይዟል። እግርህን ውኃው ውስጥ ብትከት ያደርቅሃል! ሲገጥምልን መሰላል ይዤለት የነበረው ባለሙያ ነው የነገረኝ።"

ቆም ብሎ አየኝ። ዓይኖቹ በእንቅልፍ እጦት ቀልተዋል።

"ሶላሩ ሥር ዶሮ እንቁላል ጣለች ብለህ መሰላል ያስወጣኸኝ አንተ አይደለህ እንዴ?"

"እሱ ሌላ ነው።"

"አባታችሁ በጃንጥላ ወንዝ ተሻገረ ያልከውስ?"

"እሱ ግማሹ እውነት ነው። ይሄኛው ግን ሙሉው። አባቴ ይሙት!"

ወደ እህቴ ዞርኩ። "እታለም፣ አንቺ እንኳ ተው በይው እንጂ!"

መወልወያዋን ተደግፋ፣ "አባታችንን በዚህ ሳምንት ብቻ ስንቴ ገደልከው?" አለችኝ።

ውሸት አድክሞኝ አያውቅም። እውነት ይዞ መለመን ግን ከባልዲው ይከብዳል። ሰውዬው ወደ ጓሮ ወጣ፤ ተከተልኩት። ገና በሩ ጋ ሳይደርስ ከውስጥ "እስስስስ" የሚል ድምፅ መጣ። ሽቦው ውኃ ውስጥ እየተጠበሰ ነው።

"እባብ!" ብዬ ጮኽኩ።

"የታል?"

"በመስኮቱ አየሁት! ባትሪው ላይ ተጠምጥሟል። ራሱ የአንተን መቀስ ያክላል!"

ይሄ ሰው መለኪያ ሜትሩ ከጠረጴዛ ሲንሸራተት እንኳ እባብ መስሎት የሚዘል ነው። ውኃውን እያንቦጫረቀ እስከ ጎረቤት በረንዳ ድረስ ሮጠ። እህቴም መወልወያዋን ጥላ ተከተለችው። እኔም መጨረሻ ላይ ደረስኩና ባለሙያው ጋ ደወልኩ።

"ማንም እንዳይገባ" አለ በዛለ ድምፅ። "ነገ ጠዋት እመጣለሁ። ሁሉም ቤት እንደናንተው ነው።"

አመሻሽ ላይ የልብስ ሰፊው እግር አላርፍ አለ።

"ውኃው ጎድሏል። እባቡም ሄዶ ይሆናል።"

"ውኃ የገባበት ባትሪ ከደረቀም በኋላ ይነድዳል" አልኩት፣ ሌላ የምለው ስላጣሁ።

እንዳልሰማ ተነሣ።

"የእባቡ ሚስትም መጥታለች" አልኩ።

ተቀመጠ።

በማግሥቱ ባለሙያው መጣ። መጀመሪያ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ገመዶቹን ለያየ። ከዚያ ወፍራም ጓንት አጥልቆ ገባና ባትሪውን አውጥቶ ከቤቱ ራቅ አድርጎ ሜዳ ላይ አስቀመጠው። ጫፉ ቀልጦ የጠቆረ ሽቦ ይዞ ወደኛ መጣ።

"ውኃው ሳለ የገባ ሰው አለ?"

"የለም" አልን።

"ተርፋችኋል። ባትሪውን ግን እርሱት፤ እንዳትነኩት።"

አማቼ ሽቦውን አየው፣ አየውና ወደኔ ዞረ።

"ታዲያ ነገሩ እንዲህ ነው ብለህ አትነግረኝም ነበር?"

ነገርኩህ ልለው አፌን ከፈትኩ። ደከመኝ።

"እባቦቹን ስጠብቅ ረሳሁት" አልኩትና ባልዲዬን አነሣሁ።