ጃርቷ እኛ ጋ ወለደች

ልብስ ሰፊዋ ክብሪቱን ቀሚሷ ኪስ ውስጥ ከትታ፣ ጥግ ላይ የተከመረውን ደረቅ ቅጠል በመንሽ እየገፋች ወደ ጓሮው መሃል ታወጣዋለች። ማንም ቢጠይቃት ግቢ እያጸዳሁ ነው ትላለች። ውሸቷን ነው። ቅናት ነው ከመኝታዋ ያስነሳት፤ ያውም በጃርት!

ባሏ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው። ዕድሜ ልኩን ከሥራ ሲገባ ጫማውን አውልቆ ሶፋ ላይ ከመዘርጋት ሌላ ነገር አያውቅም ነበር። ጎናቸው ያለውን ቤት ነርሷ ከተከራየች ወዲህ ግን ሌላ ሰው ሆነ። ነርሷ አንድ ቀን በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ፣ "ጋሼ፣ እናንተ ግቢ ጃርት ትመላለሳለች እኮ! ያቺ ትልቋ አይደለችም፣ እፍኝ የምትሞላው ትንሿ ናት። ቀንድ አውጣውን ትለቅምላችኋለች" አለችው። ይኸው ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰውዬው ክንፍ ብሏል። ለአትክልቱ የሚነሰንሰውን የቀንድ አውጣ መርዝ ጣለ። ጃርቷ ከግቢ ግቢ እንድታልፍ የአጥሩን ሥር ቀደደ። የውኃ ገንዳው ውስጥ ብትወድቅ ቧጥጣ እንድትወጣ ጣውላ አጋደመላት። ቅጠሉንም ከምሮ "እንዳይነካ!" አለ። የጓዳው በር ማጠፊያው ከተነቀለ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ጠግነው ስትለው ወገቤን ይላል። ለጃርት ሲሆን ወገቡ ደህና ነው።

አመሻሽ ላይ ደግሞ "መጣች?" "አዎ፣ ውኃ ስትጠጣ አየኋት" እየተባባሉ ከነርሷ ጋር በአጥሩ ላይ ይሳሳቃሉ። ልብስ ሰፊዋ ስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣ ጆሮዋን ትጥላለች። ለእሷ እንዲህ ስቆላት አያውቅም። ትናንት ማታማ ለራሷ የሰፋችውን አዲስ ቀሚስ ለብሳ ፊቱ ወዲያ ወዲህ ብትል፣ ቀና ብሎ አይቷት፣ "ጃርቷ ሳታረግዝ አትቀርም አለችኝ" አላት። መስታወቱ ፊት ሄዳ፣ ፊቷን እንዳኮሳተረች ቀሚሱን አወለቀች።

ደግነቱ ጃርቷ የምታድረው ነርሷ ግቢ ነው። ነርሷ በር ያለው የእንጨት ሣጥን ሠርታ፣ ድርቆሽ ጎዝጉዛ ሰጥታታለች። ይሄን ባሏ እየደጋገመ ነግሯታል። ስለዚህ ቅጠሉን ባቃጥለው ማን ይጎዳል ብላ መንሹን አንዴ ከሥር ሰደደችው።

አንድ ነገር ተንከባሎ እግሯ ሥር ወደቀ።

አውራ ጣት የሚያህል፣ ዓይኑን በቅጡ ያልገለጠ፣ እሾሁ ገና ለስላሳ የሆነ የጃርት ልጅ ነው። ከክምሩ ሥር ደግሞ እናቲቱ ተጠቅልላ፣ ሌሎቹን በሆዷ ሸሽጋ ታቃስታለች።

"ውይ! በሞትኩት!" አለች ልብስ ሰፊዋ። መንሹን ወረወረችው። ኪሷ ውስጥ ያለው ክብሪት ታወሳት።

ሮጣ ገብታ ወተት በሳህን ቀድታ መጣች። ልጁ ግን አልነቃነቅ አለ። ብርድ ገብቶታል። ምን ይደረጋል? የሚያውቅ ሰው አንድ ነው፤ ከአጥሩ ወዲያ ማዶ ነው ያለው። እሷን ከምለምን ምላሴ ይቆረጥ አለች በሆዷ። ልጁ አፉን ከፍቶ ድምፅ አልባ ጩኸት ሲጮህ ግን ወደ አጥሩ ሮጠች።

"አንቺ ልጅ! ጎረቤት!"

ነርሷ ከአዳር ሥራ ገብታ ገና መተኛቷ ነበር። ፀጉሯ እንደቆመ በአጥሩ ላይ ብቅ አለች።

"ምነው እትዬ? ምን ሆኑ?"

"ጃርቷ ወልዳለች። አንዱን እኔው ነኝ ከጎጆው ያወጣሁት። ሊሞትብኝ ነው።"

"በእጅዎ ነክተውታል?"

"ኧረ አልነካሁም።"

"እንዳይነኩት! እናቲቱ የሰው ሽታ ከሸተታት ትተወዋለች። ወተቱንም ይድፉት፣ ሆዱን አበላሽቶ ይገድለዋል። ሞቅ ያለ ውኃ በጠርሙስ አድርገው በጨርቅ ይጠቅልሉ፤ ጓንት ይዤ መጣሁ።"

በበሩ ዞራ መጣች። ልጁን ጠርሙሱ ላይ አስተኝተው ተንበርክከው ጠበቁ። ቆይቶ አፍንጫውን አነቃነቀ። ነርሷ በጓንት አንስታ ከእናቱ አጠገብ አኖረችውና ቅጠሉን ቀስ አድርገው መለሱላት። እናቲቱ በአፏ ነከስ አድርጋ ወደ ሆዷ ጎተተችው።

ልብስ ሰፊዋ እፎይ ብላ ዞር ስትል የነርሷ ፊት ጠቁሯል።

"ምነው? ዳነ እኮ!"

"ዳነማ።" ነርሷ ጓንቷን አወለቀች። "ሣጥን የሠራሁ እኔ፣ ድርቆሽ ያነጠፍኩ እኔ፣ ከጉሮሮዬ ነጥቄ ያበላሁ እኔ! እሷ ግን እናንተ ጋ ወለደች። ያውም በደረቅ ቅጠል! እኔ ግቢ ምን ጎደላት?"

ልብስ ሰፊዋ ደስ አላት። ምን ይደበቃል፣ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ! ወዲያው ግን ይህን የተኮሳተረ ፊት የት እንዳየችው ትዝ አላት፤ ትናንት ማታ መስታወቱ ውስጥ፣ የራሷ ፊት ሆኖ አይታዋለች። አፈረች።

"እኔም ቀንቼ ነው" አለች ዝቅ ብላ። "ባሌ ከአንቺ ጋር ሲስቅ አንጀቴ እያረረ ነው ቅጠሉን ላቃጥል የወጣሁት። ክብሪቱ ይኸው።"

ነርሷ ክብሪቱን አየች፣ እሷን አየች። "በጋሼ? ኧረ በስመአብ! ከጃርት ሌላ ወሬ አያውቁም እኮ። አንዳንዴ በሩን ዘግቼ እደበቃቸዋለሁ።"

ሁለቱም አፋቸውን ይዘው ሳቁ። ነርሷ ሄዳ ተኛች። አመሻሽ ላይ ተመልሳ መጣች፣ ከክምሩ ራቅ ብለው መሬት ላይ ተቀመጡና እናቲቱ ለቀንድ አውጣ የምትወጣበትን ሰዓት መጠበቅ ያዙ።

ሾፌሩ እንደ ልማዱ ሰላም ሳይል በቀጥታ ወደ ጓሮ መጣ።

"ምንድን ነው? ምን አገኛችሁ?"

"ዝም በል! ልጆች አሏት" አለች ሚስቱ።

"ወለደች?" ፊቱ በራ፣ ወዲያው ደግሞ ጠቆረ። "መቼ? እኔ ሳልኖር? ደውሎ የሚነግረኝ ሰው ይጠፋል? ቅጠሉን የከመርኩት እኔ አይደለሁም እንዴ!"

ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። ነርሷ ፈገግ ብላ ፈቀቅ አለችና በመካከላቸው ቦታ ለቀቀችለት። ሾፌሩም ኩርፊያውን ሳይጨርስ ሊቀመጥ ጎንበስ አለ።

ልብስ ሰፊዋ ተንሸራታ ክፍቱን ቦታ ሞላችው፤ ትከሻዋ ከነርሷ ትከሻ ጋር ገጠመ። ከዚያ በወዲያኛው ጎኗ ያለውን መሬት በመዳፏ ጠፍ ጠፍ አድርጋ፣

"አንተ እዚህ" አለችው።